ሰውነቱ እስኪያምንሽ

ልጄ፣ ባልሽ በስልክ «እትዬ፣ ልጁ እንደ መልአክ ነው፤ ቤት ውስጥ መኖሩም አይታወቅ» ብሎኛል። ደስታውን አልነካሁበትም። ላንቺ ግን ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ማሳደጊያ ውስጥ የቤት እናት ሆኜ፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ በራሴ ጣሪያ ሥር፣ ጦርነትና ረሃብ ወላጅ ያሳጣቸውን ልጆች ሳሳድግ ኖሬአለሁ። ከእነሱ የተማርኩት አለ፤ ኋላ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘሁትም አለ። በቁጥር ያደረግኩልሽ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለመለጠፍ እንዲመችሽ ነው። ተራውን አትጠብቂ፤ አምስተኛውን ከሁለተኛው ቀድመሽ ትፈልጊው ይሆናል።

1. ጨዋነቱ አያዘናጋሽ። የስድስት ዓመት ልጅ የበላበትን ሳህን ሳይነገረው አንስቶ፣ ጫማ ደርድሮ፣ ለሁሉ ነገር «እሺ» እያለ ሲውል በእኛ አገር «አቤት አስተዳደግ!» ያሰኛል። ይህ ልጅ ግን ቤቱ ሲቃጠል ያየ፣ እናቱን ያጣ፣ ከመጠለያ ወደ ማሳደጊያ፣ ከማሳደጊያ ወደ እናንተ የተሻገረ ነው። ትልልቅ ሰዎች በድንገት እንደሚለዋወጡ ስለሚያውቅ ፊታችሁን እያጠና ነው። በር ሲከፈት ቀና የሚለው፣ ስትስቂ ነገሩ ሳይገባው አብሮሽ የሚስቀው ለዚያ ነው። መታዘዝ እስካሁን በሕይወት ያቆየው ዘዴ ነውና ቶሎ አይተወውም።

ጥቂት ሳምንት፣ አንዳንዴም ጥቂት ወር ይቆይና አንድ ቀን ሳህኑን ወለል ላይ ይፈጠፍጠዋል። ባልሽ «ምን ነካው? ደህና አልነበር?» ይላል። ደህና አልነበረም። መፍራቱን ሊያሳያችሁ የደፈረው ገና አሁን ነው።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ጭን ላይ ወጥቶ «እማዬ» የሚል ልጅም አለ፤ ሰዉ «ተግባቢ» ይለዋል። ሁሉንም ሴት እናት የሚያደርግ ልጅ የኔ የሚላት እናት ገና የለችውም። እንግዶችሽን በትህትና «ሰላምታ በእጅ ይበቃል፤ ማቀፍና ማጉረስ ለጊዜው የእኛ ሥራ ነው» በያቸው። ይቀየሙሽ ይሆናል። ይቀየሙ።

2. ሰውነቱ ከአእምሮው ዘግይቶ ነው የሚያምነው። «እዚህ ማንም አይነካህም» ብትይው ቃሉ ይገባዋል፤ «እሺ» ይልሻል። በሩ ሲንኳኳ ግን ልቡ መምታቱን አያቆምም። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። አደጋን ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት፤ የምናስብበት የፊተኛው የአንጎል ክፍል ነገሩን ሳያጣራ ሰውነትን ለመሸሽ፣ ለመታገል ወይም ድርቅ ብሎ ለመቅረት ታዘጋጃለች። በልጅነቱ ደጋግሞ የደነገጠ ሰው ይህች ክፍል አትተኛለትም። አባቶች «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ያሉት ይህንኑ ነው። ልጡ እባብ አለመሆኑን ማስረዳት አይከብድም፤ የሚከብደው የበረየውን ሰውነት መመለስ ነው።

ስለዚህ ሲናወጥ አታስረጂው፣ አትምከሪው፣ «ለምን?» አትበይው። ብሩስ ፔሪ የሚባል አሜሪካዊ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ቅደም ተከተሉን በሦስት አስቀምጦታል፦ መጀመሪያ ሰውነቱን ማረጋጋት፣ ቀጥሎ መቅረብ፣ ማስረዳት በመጨረሻ። እኛ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምርና «አልሰማ አለኝ» እንላለን። እውነትም አይሰማም፤ በዚያች ሰዓት የሚሰማበት ክፍል ሥራ አቁሟል።

ማረጋጋት እንዴት ነው ካልሽ፣ ከእሱ ዝቅ ብለሽ ቁጭ በይ። ድምፅሽን አውርጂ። ቃል አታብዢ፤ «አለሁ»፣ «አይዞህ» ይበቃል። ውሃ ስጪው። ከፈቀደ ጀርባውን እኩል ምት እየጠበቅሽ መታ መታ አድርጊው። እናቶቻችን ልጅ አዝለው «እሹሩሩ» እያሉ ወዲያ ወዲህ ማለታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የሰውነት ፍርሃት የሚበርደው በምት፣ በመወዛወዝና በሌላ ሰው ሙቀት ነው። ስድስት ዓመቱ ነው ብለሽ አትፈሪ፤ ከፈለገ እዘዪው። ሌላው ልጅ ገና በሚታዘልበት ዕድሜ እሱ በእግሩ ሸሽቷል። ኳስ መምታት፣ ገመድ መዝለል፣ እስክስታ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ቡና መውቀጥ ሁሉም ይጠቅማል። ልጆች ሙቀጫውን ይወዱታል፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ግን ያማርራል።

3. አሰልቺ ሁኚ። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ብሉ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ተኙ። ገና ስለማያነብ የቀኑን ውሎ በሥዕል አድርገሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊለት፦ ፀሐይ፣ ዳቦ፣ ትምህርት ቤት፣ ምሳ፣ ጨዋታ፣ ገላ መታጠብ፣ እንቅልፍ። የሚለወጥ ነገር ካለ ከዋዜማው ንገሪው። «11 ሰዓት እመጣለሁ» ካልሽ 11 ሰዓት ድረሺ፤ ታክሲ ካጣሽ ደውለሽ በራስሽ ድምፅ ንገሪው። ለአንቺ የግማሽ ሰዓት መዘግየት ነው፤ እሱ ግን ሄዶ ያልተመለሰ ሰው ያውቃል። ያልጠበቀውን ደስታም አታብዢበት። መብራት አጥፍታችሁ «ሰርፕራይዝ!» ብትሉትና ጠረጴዛ ሥር ቢገባ አትገረሙ።

እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ሜሪ አይንስወርዝ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካምፓላ አጠገብ ባሉ መንደሮች 26 እናቶችን ከሕፃናቶቻቸው ጋር ቤታቸው እየሄደች ትመለከት ነበር። ዛሬ ስለ እናትና ልጅ ቁርኝት ዓለም ከሚያውቀው አንድ ትልቅ ክፍል የተጀመረው እዚያ፣ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ነው። ያየችው ነገር ማንኛዋም እናት የምታውቀው ነው፦ ሕፃኑ ከእናቱ ይርቃል፣ ይነካካል፣ ዞሮ ያያታል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። እናቱ ባለችበት ስለሚያገኛት ነው ለመራቅ የሚደፍረው። የእናንተ ልጅ ይህ ነገር መሐል ላይ ተቋርጦበታል። አሁን እንደ አዲስ ይጀምረዋል፤ መጸዳጃ ቤት ስትገቢ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅሽ ለዚህ ነው። አትሳቂበት፤ ከውስጥ ሆነሽ አውሪው ወይም አንጎራጉሪለት።

አልረፈደም ወይ ብለሽኝ ነበር። ሩማንያ፣ ቡካሬስት ውስጥ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን አደራ ተቀባይ ቤተሰቦች ጋር አስገቡና ለዓመታት ተከታተሏቸው። ቤተሰብ ያገኙት በማሳደጊያ ከቀሩት በብዙ ነገር ተሻሉ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት ደግሞ ይበልጥ። ስለዚህ ጊዜ ዋጋ አለው፤ አልዋሽሽም። ነገር ግን የእናንተ ልጅ እስከ ሦስት ዓመቱ እናቱ ጀርባ ላይ ነበር። መወደድን የማያውቅ ልጅ አይደለም፤ አውቆት የተነጠቀ ነው። ከባዶ አትጀምሪም።

4. ምግብ። ትራሱ ሥር የደረቀ እንጀራ ታገኛለሽ፤ ኪሱ ውስጥ ቆሎ፣ ፍራሹ ሥር ዳቦ። «ሌባ» የሚል ቃል በዚያ ቤት አይሰማ። ተርቦ የሚያውቅ ሰውነት ነገን አያምንም። ክዳን ያለው ዕቃ ግዢለት፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ሙዪበትና አልጋው አጠገብ አስቀምጪው። «ይህ ያንተ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ብላ፤ ሲያልቅ እሞላዋለሁ» በይው። ቁም ነገሩ እሱ ሳይጠይቅሽ መሙላትሽ ነው። ማዕድ ቤቱን አትቆልፊ። መጀመሪያ ሰሞን እስኪያመው ሊበላ ይችላል፤ ሳህኑን አትንጠቂው፤ «ነገም አለ» ብለሽው አጠገቡ ተቀመጪ። ከወራት በኋላ ዕቃው ሳይነካ ማደር ይጀምራል። ያኔም ቢሆን አታንሺው።

አገራችን ለእንዲህ ያለ ልጅ ካላት መድኃኒት ጉርሻን የሚያክል አላየሁም። ፊት ለፊት መተያየት፣ አፍን ከፍቶ ከሌላ ሰው እጅ መቀበል፤ ሕፃን ጡት ሲጠባ የሚማረውም ይኸው ነው። ግን አታስገድጂው። መጀመሪያ እሱ አንቺን እንዲያጎርስሽ ጠይቂው፤ ባጎረሰሽ ቀን መልሺለት።

ስለ ጾምም ላንሳ። ሰባት ዓመት ሲሞላው ዘመድ «ይጹም እንጂ» ማለት ይጀምራል። ቀደም ብለሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ለሌላው ልጅ ቁርስ መተው ትንሽ ኩራት ነው፤ የዚህን ልጅ ሆድ ረሃብ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። እኔ የጠየቅኋቸው ካህናት ይቆይለት ከማለት በቀር የተቃወሙኝ የሉም።

5. ሌሊት። ይሸናል። ፍራሹ ላይ ላስቲክ አንጥፊ፣ ቅያሪ አንሶላ ቅርብ አድርጊ፣ ሳታጉረመርሚ ቀይሪለት። እርጥቡን ፍራሽ ኮንዶሚኒየሙ ኮሪደር ላይ አታስጪው፤ የጎረቤት ልጆች ያዩትና ስም ይወጣለታል። በረንዳ ላይ አድርጊው፣ አንሶላም ጣል አድርጊበት። ውሃ በመከልከል ላስተወው አትበይ፤ ደረቅ ጉሮሮ ይዞ መተኛት ለእሱ አዲስ ቅጣት አይደለም።

ሲቃዥ ነቅንቀሽ አታንቂው። መብራት አብሪ፣ ራቅ ብለሽ ስሙን ጥሪ፣ ያለበትን ንገሪው፦ «ቤትህ ነህ። እኔ ነኝ። በሩ ተቆልፏል።» ባልሽ ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁም ወፍራም ነው፤ ጥፋት ባይኖርበትም በጨለማ ሳይናገር ልጁ ጋ አይግባ። ቀን ቀን ወለል ላይ ተቀምጦ መኪናውን እየነዳ ያጫውተው። ቁልቁል የማያየው ወንድ ለዚህ ልጅ አዲስ ፍጥረት ነው።

ብቻውን አልተኛም ካለ እናንተ ክፍል ፍራሽ አንጥፉለት። «ይለምድበታል» የሚሉሽን አትስሚ። እኛ ሁላችን ተደራርበን ተኝተን ነው ያደግነው፤ አሁን ምን መጣ?

6. ዱላ የለም። ቁንጥጫ የለም፤ በርበሬ ማጠን የለም፤ ማንበርከክ የለም። ይህን አላብራራም።

እጃቸውን የማያነሡ ሰዎች ሳይቀሩ የሚረሱት ግን ማስፈራሪያውን ነው። «ለጅብ ነው የምሰጥህ»፣ «ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል»፣ «ፖሊስ ልጥራ?»፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ወደ መጣህበት እመልስሃለሁ»። እኛ በነዚህ አድገን ስቀንባቸዋል፤ ማንም ለጅብ ሰጥቶን አያውቅማ። እሱ ግን ከሰው ወደ ሰው የተሰጠ ልጅ ነው፤ ያምንሻል። ሠራተኛሽም፣ እናትሽም፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠች ሴትዮም እንዳይሉት ተከታተዪ።

«ውጣ ከፊቴ» ልትይ ስትይ «ና አጠገቤ ቁጭ በል» በይ። ክፍል የተዘጋበት ልጅ ስለ ጥፋቱ አያስብም፤ የሚያስበው እንደገና ስለ መጣሉ ነው። ልቅ አድርጊው አላልኩሽም። የሰበረውን አብራችሁ ጥረጉ፣ ያፈሰሰውን አብራችሁ ወልውሉ፣ የመታት ልጅ ቤት አብራችሁ ሂዱ።

7. መልሱን የምታውቂውን ጥያቄ አትጠይቂው። ስብርባሪው እግሩ ሥር ሆኖ «ማን ሰበረው?» ብትይው «እኔ አይደለሁም» ይልሻል። እውነቱን ቢናገር ምን እንደሚደርስበት ሰውነቱ ቀድሞ ወስኗል። «ብርጭቆው ተሰብሯል፤ እግርህን እንዳይቆርጥህ፤ መጥረጊያውን አምጣ» በይ፤ ስለ ውሸቱ መናገር ካለብሽ ማታ ሁለታችሁም ስትረጋጉ ይደርሳል። ከቦርሳሽ ብር ቢወስድ ቦርሳሽን አንሺ፤ ልፈትነው ብለሽ ጠረጴዛ ላይ አትተይ።

ዳን ሂዩዝ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲህ ያለ ልጅ ለሚያሳድጉ አራት ነገር ይመክራል፦ መጫወት፣ መቀበል፣ ለማወቅ መጓጓት፣ አብሮ መሰማት። መቀበል ሲል ስሜቱን ነው እንጂ ድርጊቱን አይደለም፤ ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ እንደምንለው። እኔ ሦስተኛውን አስቀድማለሁ። እንደ መርማሪ ሳይሆን ለራስሽ እንደምታወሪ ሆነሽ «ዛሬ ዘግይቼ ስመጣ፣ የማልመጣ መስሎህ ይሆን እንዴ የተናደድከው?» በይ። ከተሳሳትሽ ያርምሻል። ሲያርምሽ ስለ ራሱ ነገረሽ ማለት ነው።

8. «አታፍርም?» አትበይው። ልጆች ለደረሰባቸው ነገር ሁሉ ጥፋተኛ የሚያደርጉት ራሳቸውን ነው፤ ይህም ልጅ መጥፎ ስለሆንኩ ነው ሁሉም ጥለውኝ የሄዱት ብሎ በልቡ ያምናል። አንቺ ደግሞ ማስረጃ አትጨምሪለት። የሚገርምሽ የተጋነነ ምስጋናም አይስማማውም። «ጎበዝ! የኔ አንበሳ!» ባልሽው ማግስት ሥዕሉን ይቀደዋል፤ ወይ አላመነሽም፣ ወይ ነገም አንበሳ መሆን ሊኖርብኝ ነው ብሎ ፈርቷል። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፦ «የሣልከው ቤት ትልቅ በር አለው።» ይበቃል።

9. ዘመድና ጎረቤት። ታሪኩ የእሱ ነው። «እናቱ እንዴት ሆነች? ምን ምን አየ?» ብለው ቡና ላይ፣ እሱ በተቀመጠበት ይጠይቁሻል። «ሲያድግ ራሱ ይነግራችኋል» ብለሽ ቶናውን ቅጂ። «ሳማቸው እንጂ!» ብሎ አንገቱን የሚገፋውንም ተይ በይ፤ ገላውን ማን እንደሚነካው የመወሰን መብት አንድ ቦታ ላይ መጀመር አለበት።

«የራሷን ሳትወልድ የሰው ልጅ!» የሚሉም አይጠፉም። ዶክተር አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በድርቁ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በዓመቱ ቤቱ በልጅ ሲሞላ የገዛ ቤተሰባቸው ወይ እኛን ወይ ልጆቹን ቢላቸው፣ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። አንቺ እስከዚያ አትደርሺም፣ ባልሽ አብሮሽ ነው። የዘመድ ፊት መጥቆር ባንቺ እንዳልተጀመረ እንድታውቂ ብዬ ነው።

እናትሽ «ዓይነ ጥላ ነው፤ ጠበል ይጠመቅ» ትላለች። አትጣያት፤ ውሰጂው። ግን ሰው የማይበዛበት፣ የሚጮህ የሌለበት ሰዓት ምረጪ። ሌሎች ሲጠመቁ ቆሞ ይይ፤ ውሃው እንደሚቀዘቅዝ ቀድመሽ ንገሪው፤ እጁን የምትይዢው አንቺ ሁኚ፤ ማንም ጨምድዶ አይያዘው። እምቢ ካለ ጠበሉን በጀሪካን ይዛችሁ ተመለሱ።

10. በዓል። የእንቁጣጣሽና የገና ርችት ለእሱ ተኩስ ነው፤ ከመጀመሩ በፊት መስኮት ዝጊ፣ ሬዲዮ ክፈቺ፣ ምን እንደሚሰማ ንገሪው። በግ ሲታረድ ግቢ ውስጥ አይገኝ፤ ባልሽ ወስዶ ያንሸራሽረው። ልቅሶ ቤት ለጊዜው ይቅርበት። ትምህርት ቤት ደግሞ በሩን በሚያይበት፣ ከኋላው ሰው በማይኖርበት ወንበር እንዲቀመጥ አስተማሪዋን ለምኛት። አለንጋ ወይም ጎማ የሚይዝ መምህር ካለ ሳትለማመጪ ተናገሪ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ የአካል ቅጣትን ይከለክላል።

11. እናቱ። «ረስቷታል፤ አታንሺበት» ይሉሻል። አልረሳትም፤ አንቺ እንዳይከፋሽ ነው ዝም ያለው። አንዳንዴ ራስሽ ጀምሪ፦ «ፀጉርህ እንዲህ የሆነው ከእናትህ ይሆን?» ከመጣ ይመጣል፤ ካልመጣ አንቺ ጋ ስለ እሷ ማውራት እንደሚቻል ሰምቷል። ያወጣችለትን ስም አትቀይሪ፤ የክርስትና ስም ቢጨመርለት ግድ የለም። በአፍ መፍቻ ቋንቋው «ና»፣ «ውሃ»፣ «አይዞህ» ማለት ተማሪ፤ በቅዠቱ የሚናገረው በዚያ ነው። የመጣበትን ልብስ አትጣዪ፣ አንድ ልብስ እንኳ ሳይታጠብ ይቆይለት፤ ጠረኑን የሚያውቀው እሱ ነው። ደብተር ያዢና የተወለደበትን አካባቢ፣ ማሳደጊያውን፣ የሞግዚቶቹን ፎቶ አንድ ላይ አድርጊለት። የማታውቂውን ባዶ ገጽ ተይለት እንጂ ፈጥረሽ አትሙዪው።

ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደተጠበቀ ይቆያል ይላል። አጎት ወይም አያት በሕይወት ከተገኙ አትሸሺያቸው።

12. አንቺ። ትደክሚያለሽ፤ ስለ እንቅልፍ ብቻ አይደለም የምልሽ። በየቀኑ ሰጥተሽ በየቀኑ ስትገፊ፣ አንድ ቀን እጅሽ ልብሱን እያጠበ፣ ምግቡን እያቀረበ ልብሽ ዝም ይላል። ምንም አይሰማሽም። ያን ጊዜ «ክፉ ሴት ነኝ፤ ልጁ ባይመጣ ይሻል ነበር» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል። ሂዩዝና ጆናታን ቤይሊን የሚባል ሌላ ባለሙያ ይህንን ራሱን ጽፈውበታል፦ እንክብካቤው ምላሽ ሲያጣ የአሳዳጊውም አንጎል ራሱን ለመከላከል ይዘጋል። ስለዚህ አንቺም የሚያረጋጋሽ ሰው ያስፈልግሻል። በሳምንት አንድ ከሰዓት ባልሽ ብቻውን ይያዘው፤ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፣ ጓደኛሽ ጋ ሂጂ፣ ካልሆነም አውቶቡስ ላይ ተቀምጠሽ ከተማውን ዙሪ። ልጁ ያለቅሳል። ተሰናብተሽው፣ የምትመለሺበትን ሰዓት ነግረሽው ውጪ እንጂ ተደብቀሽ አትውጪ።

ትጮሂበታለሽም፤ ሰው ነሽ። ሲበርድልሽ ተመልሰሽ «ጮህኩብህ። ደክሞኝ ነበር። ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በይው። ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ በእኛ ዘንድ አልተለመደም፤ እናትሽ ብትሰማ ትስቅብሻለች። እሱ ግን ተቆጥቶ የተመለሰ ሰው አይቶ አያውቅም።

13. መሻሻሉ በጠበቅሽው መልክ አይመጣም። ቀድሞ ሲወድቅ ዝም ብሎ አቧራውን አራግፎ የሚነሣው ልጅ አንድ ቀን እያለቀሰ ወደ አንቺ ይሮጣል፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። «ራበኝ» ማለት ይጀምራል። «እምቢ» ይላል፤ ባልሽ ሊቆጣ ሲል አንቺ ሳቂ። ክፉው ነገር የደረሰበት ወቅት ሲመለስ ደግሞ፣ ወሩን ቆጥሮ ባያውቅም፣ ዝናቡና ብርዱ ያስታውሱታልና ተመልሶ መሽናት፣ ምግብ መደበቅ ሊጀምር ይችላል። ያን ሰሞን ከአንድ እስከ አምስት ያለውን እንደገና አንብቢው።

ራሱን የሚጎዳ፣ መብላት የሚያቆም፣ ስለ መሞት የሚያወራ፣ እንስሳ የሚያሠቃይ፣ ወይም ቀን በቀን አጠገብሽ ሆኖ ስትጠሪው የማይሰማ ከሆነ ግን ወደ ሐኪም ሂጂ። አማኑኤል ሆስፒታል የሚለው ስም ሰፈር ውስጥ ስድብ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰዉ የሚለውን ይበል፤ እዚያ ያሉት ሐኪሞች ናቸው።

14. የፍርድ ቤቱ ቀን። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ጉዲፈቻ ስለተከለከለ እንዲህ ያሉ ልጆች የሚጠብቁት እንደ እናንተ ያለውን ቤት ነው። ከእናንተ ቢያንስ አንዳችሁ 25 ዓመት ስለሞላችሁ በዚያ በኩል ችግር የለም። ፍርድ ቤቱ የልጁንም ሐሳብ ስለሚሰማ ለዚያ ቀን አዘጋጂው፤ የሚለውን ግን አታስጠኚው። ሕንፃውን አስቀድመሽ ከውጭ አሳዪው። በር ላይ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ እንደሚቆም፣ ሥራውም በሩን መጠበቅ እንደሆነ ንገሪው። እስካሁን ወደ ቢሮ በተወሰደ ቁጥር ሌላ ቦታ ነው ያደረው፤ ስለዚህ ሲያልቅ ሦስታችሁም ወደ ቤት እንደምትመለሱ በዋዜማው ንገሪው፣ ጠዋትም ድገሚለት። ምሳ ምን እንደተሠራም ጭምር።